የቆመ ሥራ፣ ያልቆመ አማና



ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የዛሬው የጁምዓ ማስታወሻችን ከአንድ ጥያቄ ይነሣል። የሁላችንም የሆነ ሥራ በጸብ ምክንያት ድንገት ሲቆም፣ የእያንዳንዳችን ኃላፊነትም አብሮ ይቆማል? «እኔ አላስቆምኩትም፤ ስለዚህ አልጠየቅበትም» የሚለው መልስ ነገ በአሏህ ፊት ያዋጣናል?

ጥያቄው ለሰንበቴ፣ ለከሚሴና ለአጣዬ ልጅ ሩቅ አይደለም። ከአዋሽ ተነሥቶ በእኛ አካባቢ አልፎ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀውን የባቡር መስመር አስቡት። በ2004 ዓ.ም ያፒ መርኬዚ ከሚባለው የቱርክ ድርጅት ጋር ውል ተፈረመ። ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዋጋው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በ2007 ዓ.ም ግንባታው ተጀመረ። ሐሳቡ ሰሜኑን ከአዋሽ፣ በአዋሽም በኩል ከአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ጋር ማገናኘት ነበር። ተራራ ተበሳ፣ ድልድይ ተዘረጋ፣ ሐዲድ ተነጠፈ። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው የመጀመሪያው ክፍል ሊጠናቀቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ከዚያ በጥቅምት 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ተጀመረ። ከሐራ ገበያ ወደ መቐለ በቻይና ድርጅት ይሠራ የነበረው ሌላው መስመር ሥራው ተቋረጠ። ከዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም፣ ጦርነቱ ኮምቦልቻ ደረሰ፤ ቀጥሎም ከሚሴና ሸዋ ሮቢት ገባ። የፕሮጀክቱ ንብረት ተዘረፈ፣ ተበላሸ። በእርግጥ ጦርነቱ ብቻውን አይደለም ያዘገየው፤ የብድርና የገንዘብ ጉዳይም ነበረበት። ይሁን እንጂ ስንትና ስንት ሰው የለፋበት ሐዲድ ባቡር ሳያልፍበት ዓመታት ተቆጠሩ።

ጦርነቱ ወደ እኛ ከመድረሱም በፊት የራሳችን ቁስል ነበረ። በመጋቢት 2013 ዓ.ም በአጣዬና በዙሪያው፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና በሰሜን ሸዋ አዋሳኝ ቀበሌዎች ደም ፈሰሰ። ሚያዝያ ላይ፣ የ1442ቱ ረመዳን በገባ በቀናት ውስጥ፣ እንደገና አገረሸ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፣ ቤቶች ተቃጠሉ፣ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ። ከአዲስ አበባ ደሴ የሚወስደው ዋናው መንገድ ተዘጋ። በጥር 2015 ዓ.ም ደግሞ ግጭቱ ተመልሶ መጣ። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ የሚገናኙበት የሰንበቴ የእሑድ ገበያ እንኳ ሰላም ሲታወክ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ሻጩ ይቀራል፣ ገዢው ይቀራል፣ ግመሉም ቆላ ይቀራል።

እንግዲህ ጥያቄያችንን ይዘን ወደ መካ እንሂድ። በታሪካችን ውስጥ በጎሣ ጸብ ምክንያት ድንገት የቆመ ትልቅ የሕዝብ ሥራ አለና።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወሕይ ሳይመጣላቸው በፊት፣ ዕድሜያቸው ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ሳለ፣ የከዕባ ግድግዳ ተጎድቶ ነበር። ቁረይሾች አፍርሰው ሊሠሩት ተስማሙ። የግድግዳውን ሥራ ለየጎሣው አከፋፈሉት። ቅድመ ሁኔታም አስቀመጡ፦ በዝሙት የተገኘ፣ በወለድ የተገኘ፣ ከሰው በግፍ የተወሰደ ገንዘብ በዚህ ቤት ሥራ ውስጥ እንዳይገባ። አስተውሉ፤ ያኔ ጣዖት አምላኪዎች ነበሩ። እንዲያም ሆኖ የጋራ ነገር በሐራም ገንዘብ እንደማይሠራ ያውቁ ነበር።

ግድግዳው ከፍ አለ። ሐጀረል አስወድ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ሲደርስ ሥራው ቀጥ አለ። ያን ድንጋይ ማን ያስቀምጥ? እያንዳንዱ ጎሣ «እኛ ነን» አለ። በኒ ዐብዱዳር ደም የሞላበት ገበታ አመጡ፤ ከበኒ ዐዲይ ጋር እጃቸውን ደሙ ውስጥ ነክረው እስከ ሞት ሊፋለሙ ተማማሉ። አራት ወይም አምስት ሌሊት እንዲህ ቆዩ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሥራውን ያስቆመው ምንድን ነው? ድንጋዩ አጠገባቸው ነው። ሠራተኛው አለ። ቤቱ የአሏህ ቤት መሆኑን ሁሉም ያምናል። የጎደለው «በማን እጅ ይሁን» የሚለው ብቻ ነው። ክብሩ የእኔ ካልሆነ ሥራው ይቅር፤ ሥራው ብቻም አይደለም፣ ሰውም ይሙት። ወንድሞቼ፣ ይህን በሽታ አናውቀውም?

ከመካከላቸው በዕድሜ ትልቁ አቡ ኡመያ ነገሩን አበረደ። «በዚህ በር መጀመሪያ የሚገባው ሰው ይፍረደን» የሚል ሐሳብ አቀረበ። የገቡት ታማኙ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሆኑ። ጨርቅ አስመጡ፣ ድንጋዩን መሐሉ ላይ አኖሩ፣ የየጎሣው አለቃ የጨርቁን ጫፍ እንዲይዝ አደረጉ። አብረው አነሡት፤ ቦታው ሲደርስ በእጃቸው አስቀመጡት። ሥራው ቀጠለ።

ይህን ታሪክ ሁላችሁም ከልጅነታችሁ ጀምሮ ሰምታችሁታል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ረሱላችን «ጎሣችሁን ተዉት፣ ዘራችሁን እርሱት» አላሏቸውም። ለእያንዳንዱ ጎሣ የሚይዘው ጫፍ ሰጡት። ኦሮሞነትህ፣ አማራነትህ፣ አርጎባነትህ፣ አፋርነትህ ኃጢአት አይደለም። ጫፍህ ነው። ኃጢአቱ ድንጋዩን ብቻዬን ካልያዝኩ ብሎ እጅን ደም ውስጥ መንከሩ ነው። ጨርቁም ሌላ ጠባይ አለው፦ አንዱ ጫፉን ከለቀቀ ድንጋዩ ይንሸራተታል። በአንዱ ወገን ጉልበት ብቻ አይነሣም።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ሐላል ብለው የሰበሰቡት ገንዘብ አለቀባቸው። የከዕባን አንድ ወገን ከግድግዳው ውጭ ትተው በአጭር አጥር ከለሉት። ሐጅና ዑምራ የሄደ ሰው ሁሉ የሚያየው ሒጅር ያ ነው። በሩንም የሚፈልጉትን ለማስገባት፣ የማይፈልጉትን ለመከልከል ብለው ከፍ አድርገው ሠሩት።

ከብዙ ዓመታት በኋላ መካ ስትከፈት ሥልጣኑ በረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) እጅ ገባ። ቤቱን በኢብራሂም (ዐ.ሰ) መሠረት ላይ መልሰው መሥራት ይችሉ ነበር። ልክም ነበሩ። ግን ለእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደነገሯት፣ ሕዝቧ ከድንቁርና ዘመን ገና መውጣቱ ስለሆነ ልቡ እንዳይሻክር ብለው ተዉት። ሱብሓነላህ! እውነቱ ከእርሳቸው ጋር ነው፣ ኃይሉም ከእርሳቸው ጋር ነው፤ የሰው ልብ እንዳይሰበር ግን ግድግዳው ባለበት ይቆይ አሉ።

ከእርሳቸው በኋላስ? ዐብደላህ ኢብኑ ዙበይር (ረ.ዐ) መካን ሲያስተዳድሩ በከበባው የተጎዳውን ከዕባ ዓኢሻ ባስተላለፈችው መሠረት ሠሩት። ሐጃጅ በጦር መጥቶ ገደላቸው፤ የጨመሩትንም አፍርሶ ወደ ቁረይሾች አሠራር መለሰው። ቆይቶ ከዐባሲያ ኸሊፋዎች አንዱ እንደገና በኢብኑ ዙበይር አሠራር ሊሠራው ፈለገ። ኢማሙ ማሊክ ከለከሉት። ምክንያታቸው ይህ ነበር፦ የመጣ ንጉሥ ሁሉ የሚያፈርሰውና የሚሠራው መጫወቻ ከሆነ የቤቱ ክብር ከሰዎች ልብ ይወጣል።

ከዚህ አንድ ታሪክ ውስጥ የተለያዩ አቋቋሞች እናገኛለን። ቁረይሾች ያስቆሙት በኩራት ነው። ረሱላችን የተዉት ለሰው ልብ በማዘን ነው። ኢማሙ ማሊክ የከለከሉት ለጋራ ነገር ክብር በመቆርቆር ነው። ስለዚህ «ሥራ ቆመ» ስንባል የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ማን አሸነፈ?» መሆን የለበትም። «በምን ልብ ቆመ?» እንበል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ከእናንተ መካከል የሚነሡ ሁለት ጥያቄዎች እንዳሉ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ፕሮጀክት ሁሉ ጥሩ ነው እንዴ? መሬቱ ተወስዶበት ተገቢውን ካሳ ያላገኘ ገበሬስ? ከሥራው የተገለለ ወጣትስ?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቁረይሾች እንኳ የግፍ ገንዘብ አይግባ ብለዋል። በገበሬ እንባ ላይ የተሠራ ነገር በረካ አይኖረውም። ጠይቁ፣ አቤት በሉ፣ ክሰሱ፣ ሽማግሌ ላኩ። ሐቅን መጠየቅ ዲናችን ነው። ግን «ሐቄን ስጡኝ» ማለትና «ካልሰጣችሁኝ ለማንም አይሁን» ማለት ይለያያሉ። የመጀመሪያው ፍትሕን ይፈልጋል። ሁለተኛው ካሳውን ያልከፈለውን ባለሥልጣን አይነካውም፤ የሚነካው ነገ በዚያ ባቡር የምትሄደውን ነፍሰ ጡር ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። «ወንድሜን ገድለውብኛል፣ ቤቴን አቃጥለውብኛል፤ አንተ ስለ ሐዲድና ስለ መንገድ ታወራለህ?» የሚል ነው። ወንድሜ ሆይ፣ ደምህ ከሐዲድ ይበልጣል። ከከዕባም ይበልጣል። ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ከዕባን እያዩ ክብሩ ምን ያህል ታላቅ እንደሆነ ከተናገሩ በኋላ፣ የሙእሚን ክብር በአሏህ ዘንድ ከእርሱ እንደሚበልጥ አስተምረዋል። ስለዚህ ድንጋይን ከሰው አላስበልጥም። ገዳይ በፍርድ መጠየቅ አለበት፤ የተፈናቀለም መመለስ አለበት። የምጠይቅህ ሌላ ነው፦ ያልገደለህን ሰው ልጅ ትምህርት ቤት፣ ያላቃጠለብህን ሰው መንገድ፣ የሁሉንም ውሃ ስትዘጋ ወንድምህ ፍትሕ አገኘ?

ለዚህ የሚሆን መልስ ዛሬ ራሳችሁ የምታነቡት ሱራ ውስጥ አለ። በጁምዓ ቀን ሱረቱል ከህፍን ስናነብ ሙሳና ኸድር (ዐ.ሰ) ወደ አንዲት ከተማ መግባታቸውን እናነባለን። ተርበዋል፤ ምግብ ጠየቁ፤ የከተማዋ ሰዎች አላስተናግድም አሏቸው። በዚያችው ከተማ ሊወድቅ የተቃረበ ግድግዳ አገኙ። ኸድር አቃናው። ሙሳ ተገረሙ፤ ቢያንስ ዋጋ ይጠየቅበት ነበር አሉ። በኋላ ምሥጢሩ ተገለጠ፦ ከግድግዳው ሥር የሁለት የቲሞች ሀብት ነበረ፤ ግድግዳው ቢወድቅ ያ ሀብት ይጋለጥ ነበር።

ያች ከተማ በድላቸዋለች። እንጀራ ከልክላቸዋለች። ግድግዳው ግን የከልካዮቹ ብቻ አልነበረም፤ ውስጧ የቲሞች አሉ። የትኛውም ከተማ እንዲህ ነው። «የእነሱ» የምንለው ትምህርት ቤት ውስጥ የማንንም ክፉ ያላሰቡ ሕፃናት ይማራሉ። «የእነሱ» በምንለው መንገድ የእኛው እናት ታማ ወደ ደሴ ትወሰድበታለች። ሰንበቴና አጣዬ ጎረቤት ናቸው፤ መንገዱ አንድ ነው። በአንደኛው ከተማ የተዘጋ መንገድ ለሌላኛው ክፍት ሆኖ አያውቅም።

ስለ መንገድ ካነሣን ይህንንም እናስብ። ሰውን የሚጎዳ ነገር ከመንገድ ላይ ማንሣት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ተምረናል፤ ከሁሉም ትንሹ ቅርንጫፍ። እሾህ ማንሣት ኢማን ከሆነ፣ አላፊ አግዳሚውን ለማገት ድንጋይ የሚደረድር እጅ ምን ይባላል? መልሱን ለእናንተው እተዋለሁ።

አሁን ወደ መነሻችን እንመለስ። ሥራው ሲቆም ኃላፊነቱስ? ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኢኮኖሚክስ የተማራችሁ አንድ ነገር ታውቃላችሁ። የሁሉም የሆነ ነገር ብዙ ጊዜ ጠባቂ ያጣል፤ እያንዳንዱ ሰው ሌላው ይጠብቀዋል ብሎ ያስባልና። መድረሳ ውስጥ ደግሞ ፈርዱል ኪፋያ የሚባል አለ። የተወሰኑ ሰዎች ከሠሩት ከሌላው ላይ ይነሣል፤ ማንም ካልሠራው ግን የሚችል ሁሉ ይጠየቅበታል። ሁለቱን አጋጥሟቸው። የመጀመሪያው ችግሩን ያሳያል፣ ሁለተኛው «ሌላው ይጠብቀዋል» የሚለውን በር ይዘጋል። ሌላው ካልጠበቀው ተጠያቂው አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ።

እዚህ ላይ ብዙ ወጣት የሚሰናከልበት ነገር አለ። የቆመ ሥራ ባለቤት የሌለው ይመስላል። ኩባንያው ሄዷል፣ ዘበኛው የለም፣ ኬብሉ ተጋድሟል፣ ብረቱ ዝጓል። «ለዝገት ከሚሆን ለእኔ ይሁን» ይባላል። ወንድሜ፣ ሥራው ቆመ እንጂ አማናው አልቆመም። የግለሰብን ንብረት የወሰደ ሰው አንድ ሰውን ዐፍው ሊጠይቅ ይችላል። የሕዝብን የወሰደ ግን ማንን ይጠይቃል? ገና ያልተወለደውን ልጅ የት አግኝቶ ይቅር በለኝ ይለዋል?

በኸይበር ጊዜ የሆነውን አስታውሱ። ረሱላችንን (ሰ.ዐ.ወ) ያገለግል የነበረ ሰው ቀስት መትቶት ሞተ። ሰዎች «ጀነት ይገባ፣ እንዴት ያለ ሞት ነው!» አሉ። ረሱላችን ግን ከመከፋፈሉ በፊት ከጋራው ምርኮ የወሰደው ኩታ እሳት ሆኖ እየነደደበት መሆኑን ተናገሩ። ይህን የሰማ ሌላ ሰው አንድ ወይም ሁለት የጫማ ማሰሪያ ይዞ መጣና መለሰ። የጫማ ማሰሪያ! ከምንም የማይቆጠር ነገር። ያም የእሳት ማሰሪያ እንደሚሆን ተነገረው። ከጦር ሜዳ የሚገኝ የሸሂድነት ስም እንኳ የጋራን ንብረት የወሰደን ሰው አላዳነውም። የእኔ ወገን ነው፣ ለእኛ ነው የታገለው የሚል ስምስ እንዴት ያድነዋል?

እጃችን ያልደረሰበት ነገር ላይ ደግሞ አንደበታችን ይደርሳል። በእነዚህ ዓመታት ስልካችን ላይ ስንቱን አየን። የሌላው ከተማ ሲቃጠል የሚስቅ፣ የሌላው መንገድ ሲዘጋ «ይበላቸው» የሚል፣ ያላጣራውን ወሬ ለሺህ ሰው የሚያደርስ። ድንጋዩን ያስቆመው ደም የሞላበት ገበታ ዛሬ በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ሊገባ ይችላል። አንድ ጊዜ ማጋራት እጅን እዚያ ገበታ ውስጥ መንከር ሊሆን ይችላል።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? ባቡሩን ማስነሣት በእጃችን አይደለም፤ ብድር አንደራደርም፣ ጦር አናዝዝም። የጨርቁ ጫፍ ግን በእጃችን ነው።

አንደኛ፣ ከቆመ የሕዝብ ሥራ የተወሰደ ነገር በቤታችን ካለ እንመልስ። በቀጥታ መመለስ የሚያስፈራ ከሆነ በታመኑ ሽማግሌዎች በኩል ይመለስ። ሲሸጥ ካየንም አንግዛ፤ ገዢ ከሌለ ሻጭ አይኖርም።

ሁለተኛ፣ ወሬ ሳናጣራ አናጋራ። በሌላው ወገን ጉዳት የሚያስደስት መልእክት ከደረሰን እኛ ጋ ይሙት።

ሦስተኛ፣ አባቶቻችን ያወረሱንን የአበጋር ሽምግልና አንናቅ። ወሎ ውስጥ ደም ሲያደርቅ፣ ጸብ ሲያበርድ የኖረ ሥርዓት ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሲከበርበት ኖሯል። ሽማግሌ ሲቀመጥ ወጣቱ ውጭ ቆሞ የሚያሾፍ ከሆነ አቡ ኡመያን ያጣች መካ እንሆናለን። ሂዱና ተቀመጡ፣ ስሙ፣ ተማሩ።

አራተኛ፣ በአቅማችን ያለውን ትንሽ የጋራ ሥራ አናቁም። የሰፈር ቦይ መጥረግ፣ የትምህርት ቤት አጥር ማቆም፣ የገበያ ቀን ከሩቅ የመጣን እንግዳ መጠበቅ። እሑድ ሰንበቴ ገበያ የሚመጣ ሰው፣ ዘሩ ምንም ይሁን፣ በሰላም ሸጦ በሰላም ከተመለሰ ያን ቀን የጨርቁ አንድ ጫፍ ተይዟል ማለት ነው።

ዛሬ ሱረቱል ከህፍን ስታነቡ ግድግዳው ጋ ስትደርሱ ጥቂት ቆም በሉ። በአካባቢያችሁ ሊወድቅ የደረሰውን አንድ ነገር አስቡና ከጁምዓ በኋላ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተመካከሩበት።

ያረቢ፣ በሰንበቴም በአጣዬም፣ በከሚሴም በሸዋ ሮቢትም የሞቱትን ሁሉ ቤተሰቦች አጽናና። የተፈናቀሉትን ወደ ቀያቸው መልስ። ግፍ የተፈጸመበትን ሐቁን አድርስለት። መንገዶቻችንን ለታማሚው፣ ለተማሪውና ለነጋዴው ክፈትልን። የጋራ የሆነውን ነገር በአማና የምንጠብቅ አድርገን። አሚን።

ጁምዓ ሙባረክ። በሰይዳችን ላይ ሶለዋት ማብዛታችሁን አትርሱ።